ከኋላዬ ሰው ሲቆም እጄ ይተሳሰራል፤ ጎልፍ የምትጫወቱ ሰዎች ምን ታደርጋላችሁ?

የብርድ አገር ልጅ (ደብረ ብርሃን) | እሁድ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ መንገዱ፣ ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ውርጩ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ግን ከትናንት ጀምሮ ሲከነክነኝ ስለዋለ ልጻፈው።

ጎልፍ እጫወታለሁ። የጀመርኩት ለማስተርስ ስኮትላንድ በሄድኩበት ጊዜ ነው። እዚያ ጎልፍ የሀብታም ብቻ አይደለም። ጡረተኛውም፣ ተማሪውም፣ አናጺውም ዱላውን በትከሻው አንግቶ ይወጣል። ሴንት አንድሩስ ያለው ዝነኛው ኦልድ ኮርስ እንኳን እሁድ እሁድ ለጨዋታ ይዘጋና ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። እኔ የተማርኩት ግን 9 ጉድጓድ ባላት አንዲት የሰፈር ሜዳ ላይ ነው። (ጉድጓድ የምንለው ኳሱ መጀመሪያ ከሚመታበት መነሻ እስከሚገባበት ቀዳዳ ድረስ ያለውን የሜዳውን አንድ ክፍል በሙሉ ነው።) ነፋሱ የእኛን አገር ያስታውሰኝ ስለነበር ወደድኩት።

ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ መጫወቻ የለኝም። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሚኒባስ ይዘን አዲስ አበባ እንወርዳለን። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወሩን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ቀን ነው።

ትናንት ሄድን። ሁለታችንም ሴቶች ነን። ከፊታችን አራት ሰዎች፣ ከኋላችን ሁለት ወንዶች ነበሩ። የኋላዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ኳሳቸው ሩቅ ይሄዳል። እስከ ሦስተኛው ጉድጓድ ደህና ነበርን። እዚያ ላይ ጓደኛዬ ኳሷን ረጅሙ ሣር ውስጥ ከተተችው። ስንፈልግ ቆይተን ቀና ስል ሁለቱ ሰዎች ቆመው ያዩናል። አንዱ ዱላውን ተደግፏል። አንዱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። ምንም አላሉም። ማየት ብቻ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ቀልቤ ተገፈፈ። ዱላ ስመርጥ የተሳሳተ አነሳለሁ። ስመታ ከኳሱ በፊት መሬቱን እመታለሁ። ዞር ብዬ ላለማየት እታገላለሁ፤ ግን ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። እየሮጥኩ መሄድ ጀመርኩ። በሮጥኩ ቁጥር ይባስ ይበላሽብኛል፣ በተበላሸ ቁጥር ይባስ እዘገያለሁ።

አራተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሴ ለጉድጓዱ አንድ ክንድ ተኩል ቀርቷት ነበር። ቁጢጥ ብዬ መስመሩን ሳይ በግራዬ በኩል «ዱብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኳስ ነው። ከእኔ ቢርቅ 15 እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ ነጠረና ቆመ። ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ተደርጎበታል። «ተጠንቀቁ» የሚል ሰው አልነበረም።

ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ኳሴን አነሳሁና ሄድኩ። ያችን አንድ ክንድ ተኩል ሳልመታት። ጓደኛዬ «እንዴ፣ ምቺያት እንጂ!» አለችኝ። አልቻልኩም። የቀረውን አምስት ጉድጓድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በመኪና ስንመለስ ሸኖ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው? ዘገምተኛ ሰው መጫወት የለበትም? ወይስ ልላቸው የሚገባ ነገር ነበር?

የጣርማ በር ሾፌር (ደብረ ሲና) | እሁድ፣ ማታ 3፡15

እህቴ፣ ጎልፍ አላውቅም። ከኋላ መጣደፍን ግን አውቃለሁ። 11 ዓመት አይሱዙ ይዤ ጣርማ በርን ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። ጭነት ይዘሽ በከባድ ማርሽ ቁልቁል ስትወርጂ ከኋላ አንዱ ጡሩንባውን ያንባርቃል። ጉም ወርዶ ሁለት ሜትር አይታይም፣ እሱ ያንባርቃል።

አዲስ ሾፌር እያለሁ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍጥነት እጨምራለሁ። አንድ ቀን ፍሬን ጋለብኝ። የዚያን ቀን ነው የተማርኩት። ከኋላ የሚያጣድፍሽ ሰው ገደል ስትገቢ አብሮሽ አይገባም።

አሁን የማደርገው ይኼ ነው። በራሴ ማርሽ እሄዳለሁ። ሰፊ ቦታ ሳገኝ ፍሬቻ አሳይቼ ዳር እይዛለሁ፣ በእጄ «እለፍ» እለዋለሁ። መታጠፊያ ላይ ግን አላሳልፍም፤ ቦታውን የምመርጠው እኔ ነኝ። እናንተስ ጨዋታ ላይ ዳር መያዝ የሚባል ነገር የለም?

ከቀይት (አዲስ አበባ) | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እኔ ቀይት ተወልጄ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ጎልፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እውነቱን ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆሞ የሚጠብቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ የዚያኛውን ወገን ልናገር።

መጀመሪያ ኳሱ። ፊት ያለው ሰው ኳስሽ ሊደርስበት ከሚችልበት ርቀት ሳይወጣ መምታት ክልክል ነው። ምንም ሰበብ የለውም። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም አይሞላም፤ ግን በደንብ ሲመታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ዓይን ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል። ሳያስቡት ሰው ወዳለበት ከሄደ ደግሞ ጮክ ብሎ መጣራት ግዴታ ነው። በዓለም ሁሉ «ፎር!» ይባላል፤ በአማርኛ «ተጠንቀቁ!» ቢባልም ያው ነው። ዝም ማለት ነውር ነው። በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ተበድለሻል። ለሜዳው ኃላፊ መንገር ነበረብሽ፤ አሁንም ንገሪ።

ሁለተኛው ነገር ግን ይከፋሽ ይሆናል። ከፊታችሁ የነበሩት አራቱ ሰዎች የት ነበሩ? ይኼን የምጠይቀው ዳኝነቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ጎልፍ ላይ ቦታሽ ከኋላ ያለው ሰው ፊት ሳይሆን ከፊትሽ ካለው ቡድን ኋላ ነው። እነሱ ከታዩሽና አንቺም እየጠበቅሻቸው ከሆነ ማንም ሊያጣድፍሽ መብት የለውም፤ የኋላው ቢበር እንኳ የሚሄድበት የለም። ከፊትሽ አንድ ሙሉ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ ግን ቦታሽን ለቀሻል ማለት ነው። ያኔ ማሳለፍ ያንቺ ፋንታ ነው።

ከኋላ መቆም ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰውነት ይቀዘቅዛል። አንዱ አራት ጊዜ አየሩን ሲመታ፣ አንዱ ስልክ ሲያወራ፣ አራት ሰዓት የሚፈጀው 18 ጉድጓድ ስድስት ሰዓት ይሆናል። እኔም ቤተሰብ አለኝ፣ እኔም ያቺን ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ነው የምጠብቃት።

የብርድ አገር ልጅ | ሰኞ፣ ቀን 7፡05

ከቀይት፣ አልከፋኝም። ጥያቄህ ትክክል ነው።

አራቱ ሰዎች ሄደው ነበር። ኳስ ስንፈልግ ቆየን። አራተኛው ላይ ስንደርስ አምስተኛውን እየጨረሱ ነበር። እውነት ነው፣ ከፊታችን ባዶ ነበር። ይኼን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ ግን ያው እውነቱ ነው።

የማሳለፍ ሥርዓት እንዳለ አውቃለሁ። ስኮትላንድ እያለሁ ሌሎች ሲያሳልፉኝ አይቻለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። «እለፉ» ማለት «እኛ አንችልም» ማለት ይመስለኛል። ሴቶች ስንሆን ደግሞ ይብሳል። «ሴቶች ናቸው፣ ይዘገያሉ» እንዳይሉን ብለን ነው የምንሮጠው።

የድሮ ካዲ (ሸዋ ሮቢት) | ሰኞ፣ ማታ 1፡50

ይኼን ክር ሳገኝ ልቤ ዘለለ። በልጅነቴ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ እያለሁ ከትምህርት ቤት መልስ የሰው ዱላ እሸከም ነበር። ሰባት ዓመት። አሁን እዚህ ቆላ ወርጄ ማንጎና ሽንኩርት ነው ሥራዬ። ግን ሜዳው ከውስጤ አልወጣም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ብዙ ፈጣንና ብዙ ዘገምተኛ ሰው ተከትያለሁ። ዱላውን ቀስ ብሎ ስለሚያወዛውዝ የዘገየ አንድም ሰው አላየሁም። ምት ራሱ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ጊዜው የሚያልቀው በምትና በምት መካከል ነው። ስለዚህ አጣደፉኝ ብለሽ ምትሽን አታፍጥኚ። ሌላውን ነው የምታፈጥኚው።

እኔ ያየሁትን ልዘርዝርልሽ። ቦርሳ። ሰው ግሪኑ ጋ (ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ አጥሮ የታጨደው ቦታ) ሲደርስ የዱላ ቦርሳውን ፊት ለፊት፣ በመጣበት በኩል ይጥላል። ጨርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቦርሳ ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። የኋላው ሰው ይኼን ሁሉ ቆሞ ያያል። ቦርሳሽን ቀጣዩ መነሻ ባለበት በኩል አስቀምጪ። አለቀ። ነጥብ መጻፍም እንደዚያው ነው፤ ግሪኑ ላይ ቆሞ ጣት መቁጠር የለም። ቀጣዩ መነሻ ላይ ሌላው ሲመታ ጻፊ።

ሌላው ተራ ነው። ድሮ ከጉድጓዱ የራቀው ይቅደም ይባል ነበር። ምት ተቆጥሮ በሚደረግ ጨዋታ ግን የተዘጋጀ፣ ለሌላውም አደጋ የማይሆን ሰው ቢቀድም ችግር የለውም። ሕጉ ራሱ ያበረታታል። ሰው ለሰው በሚጋጠሙበት ጨዋታ ግን ተራ ይከበራል፤ ተስማምታችሁ ካልሆነ በስተቀር። ጓደኛሽ ስትመታ አንቺ ዱላሽን መርጠሽ፣ ነፋሱን አይተሽ ጨርሺ። ተራሽ ሲደርስ ማሰብ አትጀምሪ። ሕጉ አንድ ምት ከ40 ሴኮንድ ባይበልጥ ይላል፤ 40 ሴኮንድ ደግሞ ብዙ ነው። ቁጠሪው እስቲ። ትንፋሽ ወስደሽ፣ አንድ ጊዜ ሞክረሽ፣ መትተሽ ገና ይተርፍሻል።

ኳስ ፍለጋውን ደግሞ ልብ በይ። ድሮ 5 ደቂቃ ይፈቀድ ነበር። ከ2019 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) 3 ደቂቃ ሆኗል። 3 ደቂቃ ካለፈ ኳሱ ጠፍቷል፤ ወደ መታሽበት ተመልሰሽ በአንድ ምት ቅጣት ትመቻለሽ። ያ መመለስ ነው ሰው የሚገድለው። ስለዚህ ኳሱ የሚጠፋ ከመሰለሽ እዚያው ሳትነሺ «ተጠባባቂ ኳስ እመታለሁ» ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናግረሽ ሌላ ምቺ። ሳትናገሪ ከመታሽ የመጀመሪያው ኳስ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከተናገርሽ ግን የመጀመሪያው ሲገኝ በእሱ ትቀጥያለሽ፣ ካልተገኘ ሁለተኛው አለልሽ። መመለስ የለም።

ትልቁ ግን ይኼ ነው። ፍለጋ ላይ ኳሱ ቶሎ የማይገኝ መሆኑን ባወቅሽባት ቅጽበት የኋላዎቹን በእጅሽ ጥሪያቸው። 3 ደቂቃው እስኪያልቅ አትጠብቂ። እነሱ ያልፋሉ፣ አንቺ ተረጋግተሽ ትፈልጊያለሽ። ጠርተሽ ካሳለፍሽ በኋላ ግን ኳሱ ቢገኝ እንኳ እነሱ ከምትሽ ርቀት ሳይወጡ አትምቺ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጠርቶ፣ ኳሱ ሲገኝ ሐሳቡን ይለውጥና ሁለቱ ቡድኖች ይደባለቃሉ።

ሾፌሩ ወንድሜ የጠየቀው ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳር መያዣ አለን። ከሁሉ የሚመቸው በአንድ ምት ግሪኑ ላይ የሚደረስበት አጭር ጉድጓድ ነው። እናንተ ግሪኑ ላይ ስትደርሱ የኋላዎቹ መነሻው ላይ ቆመዋል። ኳሳችሁን ምልክት አድርጋችሁ ታነሳላችሁ፣ ዳር ትወጣላችሁ፣ በእጃችሁ «ምቱ» ትሏቸዋላችሁ። እነሱ መትተው እየመጡ ሳለ እናንተ የራሳችሁን ትጨርሳላችሁ፤ ከዚያ ቀጣዩ መነሻ ላይ ቆማችሁ ታሳልፏቸዋላችሁ። ማንም ጊዜ አያጣም። ሌላው የሚመቸው ቦታ መነሻው ነው፤ ገና ሳትመቱ። ከግሪን ወጥታችሁ ቀጣዩ ጋ ቆም ትላላችሁ። መሐል ሜዳ ላይ ሲሆን ነው ግራ የሚያጋባው።

ቃሉን በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጉና «እናንተ እለፉ፣ እኛ ጨዋታውን እያጣጣምን ነው» ይሉ ነበር። ማንም ዘገምተኛ ናቸው ብሎ አያውቅም። ሜዳው ላይ ከሁሉ የሚከበሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ዱላቸውን ለመሸከም ከሌሎቹ ልጆች ጋር እሻማ ነበር።

የአንኮበሯ (አንኮበር) | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ጎልፍ በቴሌቪዥን ካልሆነ አላየሁም። ግን እህቴ የጻፍሽውን ሳነብ እንባዬ መጣ። ያችን ሳትመቻት የሄድሽውን ነገር።

እኔ ወፍጮ ቤት ላይ እንደዚያ ነኝ። ተራዬ ደርሶ እህሌን ሳፈስ ከኋላዬ ያሉት ሲያጉረመርሙ ይሉኝታ ይይዘኛል። አንድ ቀን «ላልቶ ይፈጭልኝ» ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬ ሻካራ ዱቄት ተሸክሜ ገባሁ። ያን ሻካራ እንጀራ ሁለት ሳምንት በላነው። ያጉረመረሙት ሰዎች ደግሞ እኔን በዚያው ረስተውኛል።

የሚያጣድፈን ሰው ሁልጊዜ ከኋላ ያለው አይደለም ብዬ አስባለሁ። ይሉኝታችን ነው። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ነው የቆሙት ብለሻል። ምናልባት ስለ ምሳቸው እያሰቡ ይሆናል። ኳሱን መምታታቸው ግን ክፋት ነው፤ እሱን አልከራከርም።

ከቀይት | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡45

የድሮ ካዲ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። አሳልፉ፣ አሳልፉ ማለት ብቻ መልስ አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሲሞላ፣ ከፊት ያሉት ሁሉ ሲጠባበቁ፣ አንዱን ማሳለፍ ወረፋውን ያምሰዋል። የሚያልፉት ሁለቱ የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ እንደገና ቆመው ነው የምታገኛቸው። ያኔ ያሳለፈው ሰው በከንቱ ተራውን ሰጠ ማለት ነው።

በተለይ ጀማሪ ሰው «ፈጣን ሰው በመጣ ቁጥር መንገድ ልቀቅ» ከተባለ ቀኑን ሙሉ ዳር ቆሞ ይውላል። ከፊት ባዶ ካለ አሳልፍ፤ ከሌለ ደረትህን ነፍተህ ተጫወት። እኔ የምለው ይኼን ነው።

የድሮ ካዲ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። እኔም ያልኩት ከፊት ባዶ ሲኖር ነው። ሜዳው ሞልቶ ሳለ የሚያጣድፍ ሰው መሄጃ የለውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የኋላውም ግዴታ አለበት። ማሳለፍን መለመን ይቻላል፣ ግን በአፍ ነው እንጂ በኳስ አይደለም። መነሻው ላይ ስትገናኙ ቀርቦ «ይቅርታ፣ የምንቸኩልበት ነገር ነበረን፣ ብናልፍ ይከብዳችኋል?» ማለት ነው። እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ማፍጠጥ፣ ዱላ መሬት ላይ ማንኳኳት፣ ጮክ ብሎ ማዛጋት የባለጌ ነው። ካሳለፏችሁ ደግሞ አመስግናችሁ ቶሎ ሂዱ። አልፈው ሲያበቁ ፊት ላይ የሚንቀረፈፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚብስ የለም።

ሩር መቺ (መሐል ሜዳ) | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። ልጄ ናት ይኼን በስልኳ ያነበበችልኝ፤ የምላትን ትጽፍልኛለች።

ያላችሁትን ጨዋታ አላውቅም። ዱላና ኳስ ግን እናውቃለን። መንዝ ላይ ገና ሲደርስ እህሉ ከተነሳበት ሜዳ ላይ ወጥተን ገና እንጫወታለን። ዱላችን ቆልመም ያለ ነው። ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች። ሽንጥ ላይ ያገኘችህ እንደሆነ እስከ ጥምቀት ታነክሳለህ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ጌታውም ሎሌውም አንድ ላይ ይጋፋል፣ ቢመታም ቂም የለም።

ግን ይኼ አባባል መማታት ይፈቀዳል ማለት እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን እንደዚያ ያሉት ሁሉም ሰው ሩሯን እያየ፣ ወዶ ገብቶ ስለሚጫወት ነው። ጀርባውን የሰጠን ሰው፣ ቁጢጥ ያለን ሰው መምታት በገናም ነውር ነው። እኔ ጎረምሳ እያለሁ አንድ ልጅ ጫማውን ሊያስር ዝቅ ባለበት ሌላው መታው። ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን አስቁመው የመታውን ከሜዳ አስወጡት። ለሁለት ዓመት አልተጫወተም።

ልጄ፣ አንቺ ቁጢጥ ብለሽ ነበር። ስለዚህ የሄድሽው ፈርተሽ አይደለም፣ ተነክተሽ ነው። ግን ኳሷን ማንሳት አልነበረብሽም። ቆመሽ ዞረሽ ታያቸዋለሽ። ዝም ብለሽ ብቻ ታያቸዋለሽ። ከዚያ ትመቻታለሽ።

የብርድ አገር ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጅዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። «ተነክተሽ ነው» ያሉኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለጓደኛዬም ላኩላት።

ተማሪው (ደብረ ብርሃን) | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

እኔ መማር እፈልጋለሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ መሞከር አይቻልም? ዱላ ስንት ያስፈልጋል?

የብርድ አገር ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ይቻላል። እኔና ጓደኛዬ እሁድ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የግጦሽ ሜዳ ላይ አጭር ምት እንለማመዳለን። ባለቤቱን ገበሬ አስፈቅደን ነው። በጎቹ ካሉ አንመታም፤ እረኞቹ ልጆች ከኋላችን ከሆኑ እንጂ ፊት ለፊት ከሆኑ አንመታም። ሕጉ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፣ ለመልመድ ግን ሁለት ይበቃሃል። እኔ አውስሃለሁ።

አንድ ነገር ታያለህ። እዚህ ከፍታችን 2800 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ከቆላ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ብርዱ ደግሞ መልሶ ያሳጥረዋል። ማለዳ በውርጭ የመታኸውና ቀን 8 ሰዓት የመታኸው አንድ አይደለም። ደግሞ የነቀልከውን ሣር መልሰህ ትተክላለህ፣ በእግርህ ትረግጠዋለህ። ይኼን ስኮትላንድ ነው የተማርኩት፣ ግን ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝን የጓሳ ሣር ለዘመናት ከልሎ፣ በሥርዓት እያጨደ የኖረ ሕዝብ ነው። የምንለማመድበት ሜዳም የሰው ከብት የሚበላበት ነው።

የጣርማ በር ሾፌር | ሐሙስ፣ ሌሊት 10፡40

መንገድ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ። ካዲው ያለውን የአጭሩን ጉድጓድ ነገር ወደድኩት። እኛም አቀበት ላይ የምናሳልፍበት እንደዚያ ያለ ቦታ አለ። አንቺ ባልጠፋሽበት፣ እሱም ባልተቸገረበት። እህቴ፣ ቀጣዩ ጊዜ ስትሄጂ ንገሪን።

የብርድ አገር ልጅ | ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ቀን 9፡15

ትናንት ሄድን። ቃሌን ለመጠበቅ ይኸው ጻፍኩ።

መጀመሪያ ሜዳው ኃላፊ ጋ ገብተን ያለፈውን ነገርን። በትህትና አዳመጠን፣ ሰዓቱንና ቀኑን መዘገበ። ከዚያ ወጣን። ቦርሳችንን ካዲው እንዳለው በቀጣዩ መነሻ በኩል አደረግን። ነጥብ እየሄድን ጻፍን። ጓደኛዬ ሁለተኛው ላይ «ተጠባባቂ እመታለሁ!» ብላ ጮክ ስትል ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ጥበቃ ደንግጦ ተነሳ። የመጀመሪያዋ ኳስ ተገኘች፣ ግን ልባችን አርፎ ነበር።

ባንዲራውንም አላወጣነውም። በፈረንጆች ከ2019 ወዲህ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ቢመቱ ችግር የለውም። እሱም ትንሽ ጊዜ ያተርፋል።

ሦስተኛው ላይ ከኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። ሌሎች ናቸው፣ ያለፉት አይደሉም። ሰውነቴ ያንን ነገር አስታወሰ። እጄ መተሳሰር ጀመረ። ከፊት አየሁ፤ ባዶ ነበር። አራተኛው መነሻ ላይ ደረስን፣ ቆምን፣ ቦርሳችንን ዳር አደረግን። ሲደርሱ «እናንተ እለፉ፣ እኛ እያጣጣምን ነው» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አንደኛው፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጆቼ፣ ተባረኩ፤ ከየት ናችሁ?» አሉን። ከደብረ ብርሃን አልናቸው። «ይኼን ሁሉ መንገድ! ታዲያ እኛ ነን እናንተን መጠበቅ የነበረብን» አሉ። እምቢ አልን። መቱ፣ ሄዱ። አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ከሄዱ በኋላ ሜዳው ጸጥ አለ። ከኋላ ሰው የለም። ባሕር ዛፉ ሲንሿሿ ይሰማ ነበር። ጓደኛዬ ቴርሞሷን አውጥታ ሻይ ቀዳችልኝ። ቁጭ ብለን ጠጣን። ከዚያ ተነስቼ መታሁ፤ ዘንድሮ ከመታኋቸው ሁሉ ሩቅ የሄደው እሱ ነው።

ሩር መቺ | እሁድ፣ ማታ 12፡50

እሰይ ልጄ። ያቺ የአንድ ክንድ ተኩሏስ?

የብርድ አገር ልጅ | እሁድ፣ ማታ 1፡10

አባባ፣ እዚያው አራተኛው ላይ የትናንቷ ሁለት ክንድ ነበረች። ቁጢጥ ብዬ መስመሩን እስክጠግብ አየሁ። የጉድጓዱን ከንፈር ነክታ በቀኝ በኩል አለፈች። ግን መታኋት።